ለጥንቸሎቼ ያነጠፍኩት ገረባ

አንድ የታመመ ሰው የሚጠጣውን ወተት ከጥንቸሎቼ ሥር ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ወተት ከመሆኑ በፊት፣ ገና ገረባ ሳለ ነው የወሰድኩበት። ገረባ ከጫት ላይ የሚቃመው ተቀንጥቦ ሲያልቅ የሚጣለው ሻካራ ቅጠልና እንጨት ነው። ጭሮ ከተማ ውስጥ የማይረግጠው ሰው የለም። እኔም የማንም አይደለም ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እስከ አንድ ወር ድረስ እንደዚያ ማሰቤም እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በማንም አላሳብብም።

ከጥንቸሎቹ ልነሳ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል እያወጣሁና እየመለስኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ልጆቼ አድገው ከሄዱ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ጓሮዬ ላይ ነው። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ አፈሩም ነጭ፣ ድንጋያማ፣ ውሃ ቢያጠጡት የማይጠግብ ነው። ቆስጣ ስተክል እንደ ክፉ እንግዳ አኩርፎ ይቀመጣል። ፍግ እንዳልጨምርበት ከብት የለኝም፣ ከብት ያለውም እበቱን ኩበት ጠፍጥፎ ያነደዋል እንጂ ለሰው አይሰጥም።

እንዲህ እያለሁ ነው ስለ ጥንቸል እርባታ ስልጠና አለ ተብሎ የሄድኩት። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ሥጋዋ እንዲህ ነው፣ ሥጋዋ እንዲያ ነው እያለ ሲያወራ እጄን አወጣሁና፣ “እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሥጋው ይቅርብኝ፤ በጠጧ ለጓሮ ይሆናል ወይ?” አልኩት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ይሆናል፣ ከሁሉም ይሻላል አለኝ። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰፈሩም “ለበጠጥ ብላ እንስሳ ቀለበች” እያለ መሳለቂያ አደረገኝ። አህያስ ትበላለች እንዴ፣ ፋንድያዋ ስንቱን ጎመን አሳድጎ የለም ወይ እያልኩ አፌን ሞልቼ እመልስ ነበር። አፍ መቼ አንሶኝ ያውቃል።

የጥንቸል ጣጣዋ ሽንቷ ነው። በሁለተኛው ቀን ሳጥኑን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ከሥሯ የሚነጠፈው ነገር ደረቅ፣ ሽንት የሚመጥ፣ ብትቀምሰው የማይጎዳት፣ በኋላም በስብሶ አፈር የሚሆን መሆን አለበት። ይህን ማለት ቀላል ነው። የጤፍ ጭድ በእኛ አካባቢ እንደ ልብ አይገኝም፣ የተገኘውም ለጭቃ ቤት ምርጊት ይፈለጋል። የማሽላ አገዳ አለ፤ ግን በእኛ አገር ሰንጋ የሚቀለብበትን አገዳ ለጥንቸል መኝታ ላድርግ ብል ሰው በድንጋይ ያባርረኛል። እንስሳ የሚበላውን ነገር መሬት ላይ ማንጠፍ ነውር መሆኑን አውቅ ነበር ማለቴ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሰጋቱራ ሞከርኩ። እንጨት ቤቱ በነጻ ሰጠኝ። ብናኙ ግን ጥንቸሎቹን ሲያስነጥሳቸው፣ ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው ዋለ። ጠርጌ ጉድጓድ ውስጥ ከከተትኩት ከስድስት ወር በኋላ እንኳ ያው ሰጋቱራ ነበር። ትዕግሥት የለኝምና እንደዚያው ለቆስጣው በተንኩት፤ ቆስጣው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ያልበሰበሰ ሰጋቱራ የአፈሩን ጉልበት ራሱ እየበላ እንደሚበሰብስ የነገሩኝ በኋላ ነው። ቀጥዬ ከቢሮ የሚጣል ወረቀት እየቀደድኩ አነጠፍኩ። በአንድ አዳር ሊጥ ሆነ፤ ማኅተም የተመታበት ወረቀት እንደዚያ ሆኖ ሳየውም ነፍሴ አልወደደችውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ማንኛውንም ነገር ለማንጠፍ ዝግጁ ሆኜ ነበር።

ከቢሮ ወደ ቤቴ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ፣ ባጃጅ የሚቆምበት ዳር፣ አንድ ጫት ነጋዴ አለ። ከዓመታት በፊት ፋይሉ ጠፍቶ ሲንከራተት ሦስት ቀን ፈልጌ ያገኘሁለት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳልኛል። አንድ ቀን ከእግሩ ሥር የተከመረውን ገረባ አየሁና፣ “ይህን ምን ታደርጉታላችሁ?” አልኩት።

“ቆሻሻ ነው አቦ፤ ምን እናደርገዋለን?”

“ለእኔ ስጠኝ።”

ሰው እንደሚፈልግ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አየ። ማንን እንደሚፈልግ ያኔ አልጠየቅኩም። ከዚያ፣ “ለአንቺ ወላሂ ምን እከለክላለሁ። ማምሻውን ስታልፊ ሁለት ጆንያ አስቀምጥልሻለሁ” አለኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው። ያንን ፋይል ያገኘሁበት ቀን ይቅር ይበለኝ።

ገረባው ግሩም ነገር ሆነ። ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫልና ፈርቼ መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታዋለሁ፣ አራግፈዋለሁ። ወፍራም ወፍራሙን እንጨት ከታች፣ ደረቁን ቅጠል ከላይ አደርጋለሁ። ቅጠሉ ሽንቱን ይመጥጣል፣ እንጨቱ አየር ያሳልፋል። ሽታው ጠፋ። ጥንቸሎቹም የሚበሉት ሌላ ሳር ስለማይጠፋ ገረባውን ሳይነኩት ተንደላቀው ይተኙበታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከነበጠጡ ጠቅልዬ ጉድጓድ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ላዩ ላይ አመድና አፈር፣ ትንሽ ውሃ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በአካፋ ማገላበጥ። ከሦስት ወር በኋላ ጥቁር፣ እፍ ሲሉት የሚበተን፣ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት ብስባሽ ወጣልኝ። ያልበሰበሰው ወፍራም ወፍራሙ የጫት እንጨት ብቻ ነበር፤ ያንንም ሳልለቅም ተውኩት።

ሴትየዋን ያየኋት ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ገረባ መውሰድ በጀመርኩ በወሩ አካባቢ ነው። የዚያን ቀን ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አሱር፣ የአሥር ሰዓቱ ሶላት፣ እንዳለቀ አካባቢ ነው። ከሰባ የማያንሱ አሮጊት ጎንበስ ብለው የነጋዴውን ደጅ ይጠርጋሉ። ገረባውን በመጥረጊያቸው አንድ ቦታ ሰበሰቡ፣ ከዚያ ከሻሻቸው ሥር ባዶ ጆንያ አወጡ። በዚሁ መሀል እኔ ጆንያዬን ይዤ ደረስኩ። ነጋዴው እሳቸውንም እኔንም አየ፣ ምን እንደሚል ጨነቀው። አሮጊቷ ቀና ብለው ከላይ እስከ ታች፣ ጫማዬ ድረስ አዩኝ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ጠጋ ብለው በጆሮው የሆነ ነገር ነገሩት። የባጃጅ ድምፅ ስለነበር አልሰማሁም። ከሰሱኝ ብዬ አሰብኩ። ባዶ ጆንያቸውን መልሰው አጠፉና ብብታቸው ሥር አደረጉት።

“ደህና ነሽ ልጄ? ቤት ሰላም ነው?” አሉኝ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አልኩ፤ ዓይናቸውን ሳላይ።

ነጋዴው ጆንያዬን ሞላ። እኔ ለብቻዬ ላነሳው ስታገል አሮጊቷ በሌላው ጫፍ ያዙልኝና ሁለታችን ባጃጅ ላይ ጫንነው። ሲጠጉኝ ቀሚሳቸው ፍየል ፍየል ሸተተኝ። የሰው ቤት ጠረን የማልለይ ሴት አይደለሁም፤ ገረባው ለፍየል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ሲሄዱ ጠብቆ ነጋዴው ተጠጋኝ። “እኚህ እናት ደጄን የሚጠርጉት ለገረባው ነበር። አንዲት ፍየል አለቻቸው። ባላቸው ግማሽ ጎናቸው ሞቶ ከተኙ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያች ፍየል ወተት ከሚፈላ ሆጃ በቀር ምንም በጉሮሯቸው አይወርድም።” ሆጃ በእኛ አገር የቡና ቅጠል ወይም ገለፈት በወተት አፍልተን የምንጠጣው ነው። ነጋዴው ቀጠለ፤ “አሁን ደግሞ ምን አሉኝ መሰለሽ…”

“ሌላ ቀን ትነግረኛለህ፣ ባጃጁ ቆሞብኛል” አልኩና ገባሁ።

ያኔ የቆረጥኩት ወሬ ነው እስከ ዛሬ የሚቆርጠኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆንያው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአንድ ሽማግሌ ወተት ነው። አንዷ ጥንቸል ደርሳ ነበርና፣ እስክትወልድ ብቻ አልኩ። ስድስት ወለደች። ልጆቹ እስኪጠነክሩ አልኩ። ከዚያ የጉድጓዱን ብስባሽ መሀል ላይ ማቋረጥ አይቻልም አልኩ፤ ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም። አሮጊቷን ፊት ለፊት እንዳላገኛቸው በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ፤ ጆንያውን የሚያመጣልኝ ባጃጅ ነጂው ሆነ። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። የማላየውን ነገር ያልሠራሁት አስመሰልኩት።

የክፋቱ ክፋት፣ ጓሮው አማረ። ቆስጣው ቅጠሉ ሰፌድ አከለ። ካሮቱን ስነቅል ከጣቴ እስከ ክንዴ የሚደርስ ሆነ። በጾም ወራት ለጎረቤት ስሰጥ “እጅሽ ይባረክ” የማይለኝ አልነበረም። እጄ ይባረካል ወይ እላለሁ ለራሴ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለውን ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ለነጋዴውም በባጃጅ ነጂው እጅ ቆስጣና ሰላጣ እልክለት ነበር፤ ምስጋና መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ባጃጅ ነጂው ባዶ እጁን መጣ። ነጋዴው ከእንግዲህ የለም ብሏል አለኝ። ተናድጄ ሄድኩ፤ አዎ፣ ተናድጄ። ነጋዴው እንደ ወትሮው ተነሳልኝ፤ ግን አንገቱን ደፋ።

“አንድ በሬ የሚያደልብ ሰው በኮንትራት ይዞታል። በየቀኑ በአይሱዙ ይጭናል። እኛ ቆሻሻ ብለን እንጥለው ነበር፤ የቢሮ ሴት በባጃጅ አስጭና ስትወስድ አይቶ ነው፣ ይሄ ነገር ይጠቅማል ማለት ነው ብሎ የመጣው።”

“አሮጊቷስ?” አልኩ። ከስድስት ወር በኋላ የጠየቅኩት ገና ያኔ ነው።

“አሁንም ይጠርጋሉ። ይተዉ ብላቸው እምቢ አሉ፤ የለመድኩት ነው ይላሉ። ፍየሏ ግን ነጥፋለች። የምትበላው ቀነሰና ነጠፈች። ሰውየው ሆጃውን እንዲሁ ያለ ወተት ነው አሉ የሚጠጡት፤ ከሁለት ጉንጭ አያልፉም።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ውሉን አፍርስ፣ ገረባው ለእሳቸው ይሁን ብዬ ላስፈርድ አልችልም፤ ለቆሻሻው ባለቤት ያበጀሁለት እኔው ነኝ። ቤቴ ገብቼ የጥንቸሎቹን ሳጥን ከፈትኩ። በቀረው ደረቅ ገረባ ላይ ተዘርረው ዓይናቸውን ከደን ገለጥ ያደርጋሉ። ልረግጣቸው ደረስኩ። እነሱ ምን አጠፉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ከብስባሹ አንድ ጆንያ ሞላሁ፤ የካሮት ቅጠልና የቆስጣ ግንድ በዘንቢል፣ አንድ ሊትር ወተት በፌስታል ያዝኩ። ቤቱን ነጋዴው አሳየኝ። ባጃጁ መንገዱ የሚያልቅበት ዳገት ሥር አወረደኝ፤ ጆንያውን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። በራፉ ላይ ፍየሏ ታስራለች። ጎኗ ውስጥ ያለው አጥንት ይቆጠራል፤ ጡቷ የተንጠለጠለ ባዶ ቀልቀሎ ነው። የካሮቱን ቅጠል ሳስቀምጥላት እስክለቀው እንኳ አልጠበቀችም፣ ከእጄ ነጠቀችኝ።

አሮጊቷ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። “መርሐባ ልጄ፣ ግቢ” ብለው ምንጣፍ አነጠፉልኝ። ባላቸው ከመደቡ ላይ በግራ ጎናቸው ተደግፈው ተጋድመዋል፤ አማርኛ አይሰሙም፤ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጎትቷል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ሴትየዋ ከከሰሉ ላይ ማንቆርቆሪያ ጣዱ። ወተቱን ሳቀርብ፣ “የፌስታል ወተት ሆዱ አይቀበልም፣ ሞክረን ነበር። ለልጆችሽ ውሰጂ” አሉ። ልጆቼ አድገዋል ማለት አቃተኝ።

“ይህ ደግሞ ለጓሮ ነው እማማ። ሽንኩርት ቢተክሉበት…” አልኩና የጆንያውን አፍ ፈታሁ።

እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ጥሩ አፈር ነው አሉ። ከዚያ ከመሀሉ አንድ ወፍራም እንጨት መዘው አወጡ። የጫት እንጨት ነው፤ አንጓው ገና አልበሰበሰም። በየቀኑ ሲሰበስቡት የኖሩትን ነገር እንዴት አይለዩት። ሳልለቅም የተውኩት እንጨት ነው።

“ገረባ ነው” አሉ።

“እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት” አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። “የፍየልዎን ቀለብ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው። ያን ቀን ለነጋዴው በጆሮው ሲከሱኝ እንኳ…”

“ምን ክስ?” ሳቁ። “እኔ ነኝ ስጣት ያልኩት። ያን ቀን ጆንያ ይዘሽ አየሁሽ። ጫማሽ አቧራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ገረባ ከለቀመ ችግር አለ አልኩ። እኔ ፍየሌን ዳገት ወስጄ ቅጠል አበላለሁ፤ አንቺ ቢሮ ነሽ፣ እንስሶችሽን የት ትወስጃለሽ? ለአላህ ብዬ ሰጠሁሽ። ለእሱም ነገርኩት፣ እሺ አለ።” በአገጫቸው ወደ ባላቸው አመለከቱ። “ከዚያ ዳገቱም ደረቀ። እኔም ጉልበቴ ደከመ። የአላህ ነገር ነው፣ ያንቺ አይደለም።”

ስድስት ወር ሙሉ የሰረቅኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ምጽዋት ነው የተቀበልኩት፤ ያውም ከሌለው ሰው። ሌብነቱ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ይሰደባል።

“እንስሶችሽስ ጠገቡ?” አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። የሰጡት ነገር ለምን እንደበቃ ማወቅ ፈልገዋል።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። በአንድ ቃል ሁላችንም እናርፍ ነበር። ግን በእነዚህ ወራት የዋሸሁት በቃኝ።

“አይበሉትም እማማ። ጥንቸሎች ናቸው። የሚበሉት ሌላ አላቸው። ገረባውን ከሥራቸው አነጥፍላቸው ነበር። ይተኙበታል። ይሸኑበታል።”

እንጨቱን እንደያዙ ቀሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ኖሮ እኔም የምይዘው ነገር አገኝ ነበር። ማንቆርቆሪያው ይንጣጣል። በውጭ ፍየሏ የቆስጣውን ግንድ ስትሰብር ይሰማኛል።

ባላቸው ፊታችንን አይተው ከመደቡ ላይ ቀና ለማለት ሞከሩና፣ “ማል ጄቴ?” አሉ። ምን አለች ማለታቸው ነው። ጭሮ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ኦሮምኛ እሰማለሁ። አሮጊቷ ግን ይህን አያውቁም።

እንጨቱን ቀስ ብለው ወደ ጆንያው መለሱት። ወደ ባላቸው ዞሩ፤ ድምፃቸውን አስተካከሉ።

“ቁፋኒ ጄቴ” አሏቸው። ጠገቡ ትላለች።

ሽማግሌው ደህናውን እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ የማይታዘዛቸውን አፍ እየጎተቱ፣ “አልሐምዱሊላህ” አሉ።

አሮጊቷ ሆጃውን ቀድተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ወተት አልነበረበትም። ጠጣሁት።